ብሩን ለትልቁ፣ ዱቤውን ለትንሹ

በአማርኛችን ውስጥ «ደንበኛ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የገበያ ሥራ ነው። መርካቶ ስትገቡ ከየበሩ ላይ «ደንበኛ! ደንበኛ! ምን ልታዘዝ?» እያለ የሚጠራችሁ አለ። ከዚያ በፊት አይቷችሁ አያውቅም፤ ቢሆንም ደንበኛው ናችሁ። ሁለተኛው ሥራው ከገበያ ውጪ ነው። «ደንበኛ ዶሮ ወጥ»፣ «ደንበኛ እንቅልፍ»፣ «ደንበኛ አማርኛ» እንላለን። እንደ ደንቡ የሆነ፣ ያልጎደለበት፣ እውነተኛ ማለታችን ነው። የሁለቱም ሥር ደንብ ነው። በዚህ ከሄድን ገንዘብ ይዞ የመጣ ሁሉ ደንበኛ አይባልም፤ ደንበኛ ደንብ ያለበት ሰው ነው ማለት ነው።

ይህን ያነሣሁት የሰዋስው ትምህርት ለመስጠት ብዬ አይደለም። ከአንድ ወዳጄ ጋር የተከራከርንበት ነገር ስላለ ነው። ክርክራችን አጭር ይመስላል፤ ለሰፈራችን ሱቅ ከዕቃው ዋጋ በላይ የምንከፍለው ዕዳ አለብን ወይስ የለብንም?

ወዳጄ አስተማሪ ነው፤ ቤቱ ኮተቤ ነው። አቋሙ የታወቀ ነው። «እኔ ደመወዝተኛ ነኝ» አለኝ። «ዘይቱን እሁድ ገበያ ላይ ረከስ ብሎ ካገኘሁት ከእሁድ ገበያ እገዛለሁ። ሸማቾች ማኅበር ስኳር መጣ ከተባለ እሰለፋለሁ። ባለሱቁስ ሲያተርፍ ለእኔ ብሎ ነው እንዴ? ዕቃውን ሰጠኝ፣ ብሩን ሰጠሁት፣ ሒሳብ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ እኔና እሱ ምንና ምን ነን? ዕድርተኛ ነን?»

እውነት አለው። የእሁድ ገበያዎች ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በየክፍለ ከተማው ሲከፈቱ ኑሮ የከበደውን ሰው ጥቂት እንዲያስተነፍሱ ታስቦ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ደመወዝተኛ ምን ላይ እንደቆመ የሚያውቀው ራሱ ደመወዝተኛው ነው። ለልጁ ደብተር መግዣ ያጠረውን ሰው «ለሰፈርህ ሱቅ ስትል አሥር ብር ጨምረህ ግዛ» ማለት በሰው ኪስ ደግ መሆን ነው። እንዲህ ያለውን ደግነት ለራሱ የሚያደርገው ያድርገው እንጂ በሌላው ላይ ሕግ አድርጎ መጫን ተገቢ አይመስለኝም።

ነገር ግን «ሒሳብ ተዘጋ» ያለው ቃል አልዋጥልህ አለኝ። እስቲ የካን በእግራችን እንዙርና ሒሳቡ በእርግጥ ተዘግቶ እንደሆነ እንይ።

ስለ የካ ስናወራ የምናወራው ስለ መገናኛ ሕንፃዎችና ስለ አስፋልቱ ነው። ከአስፋልቱ መቶ እርምጃ ገባ ሲሉ ግን ሌላ ከተማ አለ። ሾላ ገበያ ጓሮ በርበሬ ሲፈጭ መንገደኛው ሁሉ ያስነጥሳል። ቀበና ወንዝ አፋፍ ላይ ብረት በያጁ፣ አጠገቡ ልብስ ሰፊው፣ ከልብስ ሰፊው ደጃፍ ጀበናዋን የጣደች ቡና አፍይ። ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ጉራራ ዳገቱን ስትይዙት ወፍጮ ቤቱ፣ ፉልና እንቁላል ፍርፍር የሚሠራው ቁርስ ቤት፣ እንጀራ በመሶብ የምታስረክበው ሴትዮ፣ ከሰል በፌስታል የሚሸጠው ልጅ። ብዙዎቹ ታፔላ የላቸውም። ብትጠይቁ «ከትራንስፎርመሩ ዝቅ ብሎ ያለው ሱቅ» ትባላላችሁ። ሰፈሩ ስም አውጥቶላቸዋል፤ ስሙ የሚሠራው እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ትንሿን ሱቅ ብቻ ለይተን እንመልከት። የምትሸጠው ምንድን ነው? ዘይት በሲኒ፣ ስኳር በሩብ ኪሎ፣ እንቁላል በፍሬ፣ ነጭ ሽንኩርት በራስ። የቀን ሠራተኛ የዕለቱን ገንዘብ ይዞ ማታ ሲገባ አምስት ሊትር ዘይት በጀሪካን አይገዛም። ለዛሬ ራት የሚበቃውን ነው የሚገዛው፤ ያንን ቆርሶ የሚሸጥለት ደግሞ ትልቁ መደብር አይደለም። ከዚህ ሌላ ዋጋ የማይጻፍባቸው ነገሮች አሉ። የቤት ቁልፍ አደራ ይቀመጣል። ልጅ ከትምህርት ቤት ቀድሞ ከመጣ ባንኮኒው ጋ ተቀምጦ እናቱን ይጠብቃል። ከገጠር የመጣ ዘመድ ቤት ሲጠፋው የሚጠይቀው ባለሱቁን ነው። ለዚህ ሁሉ ማንም አልከፈለም፤ ማንም አላስከፈለም።

ባለሱቁን ቅዱስ ላደርገው አይደለም። በሲኒ የተሸጠ ዘይት በሊትር ሲሰላ ከጀሪካኑ ይወደዳል፤ ድሃ በትንሽ በትንሽ ስለሚገዛ የበለጠ ይከፍላል። ዘይት ሲጠፋ ከመደርደሪያ ሥር የሚደብቅ አለ። «ስኳር ከፈለግሽ ሳሙናም ግዢ» የሚል አለ። ሚዛኑን በአውራ ጣቱ የሚያግዝም አይጠፋም። ደንብ አለ ካልን ደንቡ ለሁለቱም ወገን ነውና እነዚህም ደንብ አፍራሾች ናቸው።

ሒሳቡ አለመዘጋቱን የሚያሳየው ግን ደብተሩ ነው። የዱቤ ደብተር።

ሾላ አካባቢ የማውቀው አንድ ባለሱቅ ደብተሩን አሳይቶኛል። ጠርዙ የተበላ፣ ዘይት የጠጣ፣ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነው። የተበዳሪው ስም መቼም እንደ ባንክ የአባትና የአያት ስም ያለው እንዳይመስላችሁ። «የዘበኛው ባለቤት» ይላል። «ረጅሙ ደላላ» ይላል። «ፎቅ ቤት ያለችው ሠራተኛ»፣ «እማማ ጠላ»፣ «የቄሱ ልጅ፣ ትንሹ»። የመታወቂያ ቁጥር የለም፤ ስልክ የለም፤ ፊርማ የለም። ከስሙ ትይዩ ሩብ ስኳር፣ ሁለት ሻማ፣ አንድ ኦሞ፣ ከዚያ ድምር። ዋሱ ሰፈሩ ራሱ ነው። «ረጅሙ ደላላ» ሳይከፍል ቢሰወር የት ይሰወራል? ነገም በዚያው በር ነው የሚያልፈው።

አሁን በስልክም መበደር ይቻላል። ከ2014 ጀምሮ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉ የብድር አገልግሎቶችን አምጥቷል። ጥሩ ነው፤ በችግር ቀን ለደረሰልን ነገር ምስጋና አንነፍግም። ልዩነቱ ግን ስልኩ የሚያውቀው ቁጥራችንን ነው። ያስያዝነውን ቀን ይቆጥራል፣ ክፍያውን ይጨምራል፣ መልእክት ይልካል። ደብተሩ ግን «ልጁ ተሻለው ወይ? እንግዲህ ለሚቀጥለው ወር ይሁን» ይላል። ያለ ወለድ የተሰጠ ብድር ነው። በዚያ ላይ አበዳሪው ራሱ ሀብታም አይደለም።

እዚህ ላይ ወዳጄን የጠየቅሁት ጥያቄ ይመጣል። ዋሱ ሰፈሩ ነው ካልን ሰፈሩ ሲፈርስ ዱቤው የት ይገባል?

ነገሩ ምሳሌ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ በቀበና አድርጎ መገናኛ የሚደርሰው መንገድ ሲሰፋ ብዙ የመንገድ ዳር ቤቶችና ሱቆች ተነሡ። ከዚያ በፊትም ቢሆን በኮንዶሚኒየም ዕጣ ከመሐል ከተማ ወደ አያትና ወደ የካ አባዶ የሄደው ሰው ጥቂት አይደለም። እነዚህ ሰፈሮች የካ ሥር ነበሩ፤ በ2013 ለሚ ኩራ ሲመሠረት ወደዚያ ሄዱ። መንገዱ አምሯል፣ የእግረኛ መሄጃው ሰፍቷል፣ ማታ መብራቱ ደምቋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ መንገዱ ሳይሆን ደብተሩ ነው። ሱቁ ተነሣ፤ ሰዉ በየአቅጣጫው ሄደ፤ ደብተሩ ግን በባለሱቁ ብብት ሥር ቀረ።

«ረጅሙ ደላላ» አሁን ማነው? ሾላ ላይ ሁሉም የሚያውቀው ሰው ነበር። ሌላ ቦታ ግን ረጅም የሆነ ስንት ደላላ አለ! «የዘበኛው ባለቤት» ስሟ ራሱ ፈርሷል፤ ባሏ የሚጠብቀው ግቢ የለማ። ደብተሩ የተጻፈው ያ ሰፈር ብቻ በሚያነበው ፊደል ነው፤ አንባቢው ሲበተን የቀረው ወረቀት ሆነ።

ባለሱቁ ሁለት ታሪክ ነገረኝ። አንደኛው የእንጀራ ሻጯ ነው። ወደ አባዶ ሄዳ ከወራት በኋላ እያጠያየቀች አገኘችው። ዕዳዋ ከሁለት መቶ ብር ጥቂት ፈቅ ይላል፤ ለታክሲ ያወጣችው ቀላል አልነበረም። «እትዬ፣ ለዚህ ብለሽ ነው?» ቢላት «ለእሱማ ነው፤ ሌላ ምን አለኝ እዚህ!» አለችው። ሁለተኛው ጥሩ ደመወዝ ያለው ሰው ነው። መገናኛ ተገናኙ፣ ተቃቀፉ፣ ስልክ ተለዋወጡ፣ ስለ ልጆች ተጠያየቁ። ስለ ዕዳው ግን ሁለቱም አላነሡም። ተበዳሪው ምናልባት ረስቶታል። አበዳሪው አልረሳም፤ አፍሮ ነው። «እንዴት አድርጌ ልበለው፣ ያን ያህል አቅፎኝ!» አለኝ። በእኛ አገር ሳይከፍል የቀረው ከሚያፍረው ይልቅ ያልተከፈለው የሚያፍርበት ጊዜ ይበዛል።

ብዙ ጊዜ ታማኝነታችንን ከይሉኝታችን ለይተን አናውቀውም። ሰፈር ውስጥ ስንኖር ዕዳችንን የምንከፍለው ሐቀኛ ስለሆንን ይሁን ወይም ባለሱቁ ደጅ ማለፍ ስለሚያሳፍረን ይሁን ማን ይነግረናል? ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ይሠራሉ። ሰፈሩ ሲፈርስ ይሉኝታው አብሮ ይሄዳል፤ የሚያየን የለም። ያን ጊዜ የሚቀረው ሐቀኝነታችን ብቻ ነው፤ ካለ። እንጀራ ሻጯን አባዶ ድረስ ተከትሎ የሚታዘባት ሰው አልነበረም።

«ታዲያ ይህ የመንግሥት ዕዳ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። በከፊል ነው። የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅበትንና ካሣ የሚከፈልበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከንብረት ካሣ ሌላ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሣ እንዳለ ይናገራል። ይህ ትልቅ ቃል ነው። ጎረቤትነት ሲበጠስ የሚጎድል ነገር እንዳለ ሕጉ ራሱ መስክሯል ማለት ነው። ሆኖም «የቄሱ ልጅ፣ ትንሹ» የበላውን ብስኩት መንግሥት ይክፈል ማለት አይቻልም። የበላው የቄሱ ልጅ ነው።

ወዳጄ ይህን ሰምቶ «የተጻፈ ዱቤማ ዕዳ ነው፤ ማን ካደ? እኔ ያልኩት ሌላ ነው» አለ። ልክ ነው፤ እሱ ያለው ከተጻፈው በላይ ዕዳ የለብንም ነው። እኔ ደግሞ ከተጻፈው በላይ አንድ ደንብ አለ እላለሁ። ደንቡም «ሁልጊዜ ከትንሹ ግዛ» የሚል አይደለም። «ብሩን ለትልቁ፣ ዱቤውን ለትንሹ አታድርግ» የሚል ነው።

ምን ማለቴ ነው? ደመወዝ የወጣ ሰሞን ብዙዎቻችን የት ነን? ጋሪ እየገፋን ሱፐርማርኬት ነን። ጥሬ ገንዘባችንን እዚያ እንጨርሳለን። ወሩ ሲያጋምስና ኪስ ሲሳሳ ወደ ጓሮው ሱቅ እንመለሳለን፤ «ጋሼ፣ እስቲ ጻፍልኝማ» እንላለን። ትንሹ ሱቅ የሚያየን ገንዘብ ሲያልቅብን ብቻ ነው። ሃያ ሰው እንዲህ ካደረገ የባለሱቁ መንቀሳቀሻ በሙሉ ደብተር ውስጥ ይተኛል። መርካቶ ወርዶ ዕቃ የሚያነሣበት ጥሬ ገንዘብ ያጣል። መደርደሪያው ይሳሳል። ያን ጊዜ እኛው ራሳችን «ምን ይህ ሱቅ ባዶ ነው፣ ምንም አይገኝበት» ብለን ወደ ትልቁ እንሄዳለን። ባዶ ያደረግነው ግን እኛ ነን። ይህ ከዋጋ ማወዳደር ጋር አንድ አይደለም። ዋጋ ማወዳደር መብት ነው። ትርፉን ለአንዱ፣ ሸክሙን ለሌላው ማከፋፈል ግን ፍርድ ማጓደል ነው።

ይኸው ጠባያችን ዱቤ በሌለበትም ይከተለናል። ከየካ ወደ እንጦጦ ተራሮች ግርጌ እንሂድ። ሽሮ ሜዳ ከጋሞ ምድር የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው የሚሠሩት ጥበብ የሚሸጥበት ነው። አንድ ነጠላ እዚያ ከመድረሱ በፊት ጥጡን የፈተለች ሴት አለች፣ ድሩን ያደራ አለ፣ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ መወርወሪያ ሲያመላልስ የዋለ አለ። ጥለቱ ብቻውን ስንት ቀን ይፈጃል! ዛሬ አጠገቡ ከውጭ የመጣ፣ ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ይሰቀላል፤ ከሩቅ ላየው ያው ነው፣ ዋጋው ግን ይረክሳል። የማይችል ሰው ያንን ቢገዛ አይፈረድበትም። የሚገርመኝ የሚችለው ነው። ፎቅ ላይ ካለ የልብስ መደብር ዋጋው የተለጠፈበትን ሸሚዝ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ከፍሎ ወጥቶ፣ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ከሸማኔው ሚስት ጋር ለሃምሳ ብር ግማሽ ሰዓት ይከራከራል። ሲያስቀንስም እንደ ጀግና ለጓደኞቹ ያወራል።

ዳገቱን ስንወጣም ያው ነው። እንጦጦ ላይ ከባሕር ዛፉ ሥር ጭራሮና ቅጠል አስረው ጎብጠው የሚወርዱትን ሴቶች የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። በ1980ዎቹ ውስጥ በዓለም የሥራ ድርጅት ድጋፍ ከእነዚሁ ሴቶች አንዳንዶቹ እንጨት መሸከሙን ትተው በሽመና እንዲተዳደሩ ማኅበር ተቋቁሞላቸው ነበር፤ የሠሩት ሻርፕ ለእንጦጦ ጎብኚ ይሸጥ ነበር። ሸክም ከጀርባ የሚወርደው የሚገዛ ሰው ሲገኝ ነው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ከተመረቀ ወዲህ ተራራው ብዙ ሰው አግኝቷል። ከጎብኚው ስንቱ ነው ካፌ ውስጥ ለአንድ ማኪያቶ የተጠየቀውን ከፍሎ፣ ከመንገድ ዳር የተቀቀለ ድንች ከምትሸጠው ልጅ ጋር «ሦስቱን በዚህ አታደርጊውም?» የሚለው? ክርክር ክፉ ነው አልልም፤ የገበያችን ወግ ነው፣ ጨዋታም አለበት። ግን ዋጋ የሚከብደን ሻጩ ድሃ ሲሆን ብቻ ከሆነ ነገሩ ከጨዋታ አልፏል።

አንዳንዱ ሰው ትልቁን የሚያምነው ትልቅ ስለሆነ ነው። «እነሱ ሥርዓት አላቸው» ይላል። እስቲ ጎረቤታችንን ኬንያን እንይ። ናኩማት የሚባለው ሱፐርማርኬት በምሥራቅ አፍሪካ ከታወቁት አንዱ ነበር። መደርደሪያውን የሚሞላው ከአቅራቢዎች በዱቤ በሚወስደው ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ባለ ገንዘቦቹ እንዲዘጋ ሲወስኑ የአቅራቢዎቹ ብር አብሮ ቀልጦ ነበር። ትልቁም ዱቤ ይበላል ማለት ነው፤ እንዲያውም ሲበላ በገፍ ነው። እኛም አገር በ2016 በወጣ መመሪያ የውጭ ባለሀብቶች በጅምላና በችርቻሮ ንግድ እንዲገቡ ተፈቅዷል። ይምጡ፤ ዋጋ ካረከሱ ሸማቹ ይጠቀማል። ሆኖም በወሩ ሃያ አምስተኛ ቀን ማታ «የዘበኛው ባለቤት» ብለው ሩብ ስኳር የሚጽፉ አይመስለኝም።

ወዳጄ በመጨረሻ «እሺ፣ እኔ ምን ላድርግ ነው የምትለው?» አለኝ። ከእሁድ ገበያ መግዛትህን አትተው። ረከስ ያለውን ፈልግ። ግን ደመወዝ በወጣ ቀን መጀመሪያ የጓሮውን ደብተር ዝጋ፤ ከዚያ ከጥሬ ገንዘብህ ጥቂቱ እዚያ ይዋል። ባለሱቁ ከሸወደህ ፊት ለፊት ንገረው፤ ደንቡ እሱንም ይመለከታልና። ሽሮ ሜዳ ስትሄድ ፎቁ ላይ ያልተከራከርከውን እዚያ አትከራከር። ይህ ምጽዋት አይደለም። ብድር በምድር ይባል የለ?

ከቀበናም ሆነ ከሾላ፣ ከካዛንቺስም ሆነ ከፒያሳ ተነሥታችሁ ዛሬ ሌላ ሰፈር ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ምናልባት አንድ ጠርዙ የተበላ ደብተር ውስጥ እናንተም አላችሁ። በመታወቂያችሁ ስም አይደለም ያላችሁት፤ ሰፈሩ ባወጣላችሁ ስም ነው። ባለሱቁ ስልካችሁን አያውቅም፣ ቢያውቅም አፍሮ አይደውልም። ያን ስም አይቶ «ይኼ እኔ ነኝ» ሊል የሚችል ሰው ከእናንተ በቀር አልቀረም።